አዲስ የቦውሊንግ ኳስ ሲፈተሽ

አርሲ፣ ሁሩታ ላይ ኳስ ሲባል እግር ኳስ ነው፤ ገና ሲደርስ ደግሞ ሩር። ቦውሊንግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው፤ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ላፍቶ ሞል ጎራ ካለ። በቦውሊንግ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚደረደሩት ኳሶች ለማንም እጅ እንዲሆኑ የተበሱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ የፕላስቲክ ኳሶች ናቸው። ጨዋታው የያዘው ሰው ግን የራሱን ገዝቶ በጣቱ ልክ ያስበሳል። ኳሱ ዋጋውን ማውጣት አለማውጣቱ የሚለየው ግን በሚንከባለልበት መንገድ፣ ሌኑ ላይ ነው።

ሌኑ ከመልቀቂያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን፣ ማለትም በኳስ ከሚጣሉት አሥር ቋሚዎች እስከ መጀመሪያው፣ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ይረዝማል። ሲያዩት ደረቅ ጣውላ ይመስላል እንጂ ሁለት ሦስተኛው ያህል ዘይት ተቀብቷል። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ወለሉን ይይዝና ወደ ፒኖቹ ይታጠፋል። በክረምት የአርሲን ጭቃ የሚያውቅ የአይሱዙ ሹፌር ይህ አይገርመውም፤ መሪው ቢጠመዘዝም ዝም ብሎ የሚንሸራተት መኪና፣ ጎማው ደረቅ ሲነካ ድንገት ይዞራል።

ስለዚህ ፈታሹ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ሌኑ ላይ ከተሳሉት ሰባት ቀስቶች አንዱን ዒላማ አድርጎ ደጋግሞ ይለቃል። የሚያየው ኳሱ የት እንደሚታጠፍ፣ ቀስ ብሎ ይሁን ባንዴ ነው። ኳሱ ሲመለስለት ቶሎ አይጠርገውም፤ ላዩ ላይ የቀሩትን የዘይት ቀለበቶች ይመለከታል። ቀለበቶቹ ተራርቀው ከታዩ በየዙሩ ያልተነካ ገጹ ወለሉን አግኝቷል ማለት ነው፤ የመያዝ አቅሙም ይጨምራል።

ስትራይክ፣ አሥሩንም ፒን ባንዴ መጣል፣ ግን ምስክር አይሆንም፤ በዕድልም ይመጣል። በቀኝ እጅ በደንብ የተለቀቀ ኳስ በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መሃል ገብቶ ራሱ የሚነካው አራት ፒን ብቻ ነው፤ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 9ኛውን። ስድስቱን የሚጥሏቸው ፒኖቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። ጉልበቱን መንገድ ላይ የጨረሰ ኳስ ግን ተገፍቶ ይወጣል፤ 5ኛው ፒን መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሌላው ጣጣ ዘይቱ ባለበት አለመቆየቱ ነው። እያንዳንዱ ኳስ ጥቂት ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት የተወደደ ኳስ ማታ ሊያበሳጭ ይችላል። አሮጌውን ኳስ ጎን ለጎን ሳይለቁ አዲሱን ማመስገን፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍተሻ አይባልም።

የላዩ ነገር ስንት እንደሚያመጣ ደግሞ አሜሪካዊው ዶን ማኩን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የፕላስቲክ ኳሱን ወለሉን አጥብቆ እንዲይዝ ኬሚካል ውስጥ እየዘፈዘፈ አለስልሶ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ ወዲህ የኳስ ጥንካሬ በመሣሪያ ይለካል፤ ከገደቡ በታች የለሰለሰ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው የቦውሊንግ ኮንግረስ በ2016 እና በ2017 የተመረቱ ፐርፕል ሐመር ኳሶችን ከብሔራዊ ውድድሮቹ ያስወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።