ከርከሮን እንጂ ፍየልን የማይከተል ውሻ

በቱምና በአካባቢው በቆሎ እሸት መያዝ ሲጀምር የገበሬው እንቅልፍ ይቀንሳል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ አለ። ከርከሮ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ የዱር አሳማና ጃርት ተራቸው ነው። ጎደሬውን ይቆፍራሉ፤ እንሰቱን ከሥሩ ይበላሉ፤ የበቆሎውን አገዳ ይጥላሉ። ስንት ወር የተለፋበት ማሳ በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ማማ ላይ ሲጠብቅ ያደረ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አይሄድም። ቢሄድም ያንቀላፋል።

ለዚህ ነው ውሻ የምናሳድገው። ግን ውሻ ሁሉ ይጠቅማል እንዴ? አንዱ የከርከሮ ዱካ ይዞ ይሄድና መንገድ ላይ ድኩላ ሲሸተው ከርከሮውን ትቶ በዚያው ይጠፋል። ሌላው ሲመለስ የጎረቤት ፍየል ይይዛል። ያን ጊዜ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይቀርባል፤ ካሣ ይከፈላል፤ ውሻውም ይገደላል። በቆሎው አልዳነ፤ ጎረቤትም ተቀየመ።

በማታው ትምህርት ላይ ይህ ነገር ተነሣና አንድ አባት፣ «ጎረምሳ ውሻ አንድ አውሬ ብቻ እንዲከተል ማስተማር ይቻላል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ይቻላል። ከአዋቂዎች የሰማነውንና ከመጻሕፍት ያገኘነውን አንድ ላይ አድርገን እነሆ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የውሻን አፍንጫ እንወቅ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት 5 ሚሊዮን ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል። በውሻ አፍንጫ ግን ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። እኛ ሣር ብቻ በምናይበት ቦታ ውሻው ማን እንዳለፈ፣ በየት በኩል እንደሄደ ያውቃል። ስለዚህ ማሽተትን ማንም አያስተምረውም። የማያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ ሽታ እኛ የምንፈልገው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ለእርሱ የከርከሮም፣ የድኩላም፣ የፍየልም ሽታ ደስ ይላል።

ደግሞም ለውሻ ሩጫው ራሱ ደመወዝ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጎረምሳው ውሻ ድኩላ ሲያባርር ቢውል፣ ባይዝም እንኳ ደመወዙን በልቷል። ማታ ደክሞት ሲመለስ ጌታው ዱላ ይዞ ይቀበለዋል። ውሻው የተመታው ለድኩላው መሆኑን ከየት ይወቅ? እርሱ የሚያውቀው ወደ ቤት ሲመለስ መመታቱን ነው። በማግሥቱ ድኩላውን አይተውም፤ መመለሱን ይተዋል። በእኛ አስተያየት አብዛኛው ውሻ የሚበላሸው በዚህ ዱላ ነው።

ከ2,300 ዓመት በላይ በፊት ክሴኖፎን የተባለ የግሪክ ሰው ስለ አደን ውሻ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እርሱ ውሻ የሚያሠለጥነው ለጥንቸል ነው። ውሾቹ ቀበሮ እንዲያባርሩ ከቶ አይፈቀድ፤ ከለመዱ በሚፈለጉበት ጊዜ አይገኙም ይላል። ሴቷን በ8 ወሯ፣ ወንዱን በ10 ወሩ ወደ አደን ማውጣት እንደሚገባም ጽፏል። በዛሬው ዘመንም በአሜሪካ ገጠር ራኩን የሚባለውን ትንሽ የሌሊት አውሬ በውሻ የሚያድኑ ሰዎች ትልቁ ችግራቸው ውሻው አጋዘን ተከትሎ መጥፋቱ ነው። እንግዲህ የቱም ገበሬ ብቻውን አይደለም።

ሥራው ከቤት ይጀምራል። ቡችላው ከፍየል፣ ከበግና ከዶሮ ጋር ይደግ። ፍየሎቹ ሲገቡና ሲወጡ አጠገባቸው ታስሮ ይያቸው። ዘሎ ለመያዝ ሲሞክር በዚያችው ሰዓት «ተው!» በሉት። ዝም ብሎ ሲተኛ ቁራሽ ስጡት። ሁለተኛው ትምህርት ስሙ ሲጠራ መምጣት ነው። ስሙን ጠርታችሁ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚበላ ነገር ያግኝ። ጠርቶ መምታት ፈጽሞ አይገባም። ሲጠራ የማይመጣ ውሻ ወደ ማሳ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ የዱካ ትምህርት ይመጣል። ለዚህ ከርከሮ መግደል አያስፈልግም። ከርከሮ ከተንከባለለበት ጭቃ ወይም ከፋንድያው ወስዳችሁ በጨርቅ ቋጥሩት። ጨርቁን በገመድ አስራችሁ መሬት ለመሬት 50 እርምጃ ያህል ጎትቱት። መጨረሻው ላይ ምግብ አስቀምጡ። ውሻውን በረጅም ገመድ ይዛችሁ ከመነሻው አስጀምሩት። ሲያገኝ አመስግኑት። በየጊዜው ርቀቱን ጨምሩ፤ 100፣ 200፣ 500 እርምጃ ይድረስ። መንገዱን አጣምሙት፤ ትንሽ ወንዝ አሻግሩት፤ ሽታው አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሞክረው።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ። ውሻ ብልጥ ነው። ጨርቁን የሚጎትተው ሁልጊዜ ጌታው ከሆነ፣ የከርከሮውን ትቶ የጌታውን እግር ያሸታል። ምግቡ ያው ይገኛል አይደል? ስለዚህ የሚጎትተው ሰው ይለዋወጥ። ጨርቁም በረጅም ዘንግ ጫፍ ታስሮ ከሰውየው ራቅ ብሎ በጎን በኩል ይጎተት።

ይህን ሲለምድ ፈተናውን አምጡ። የከርከሮውን ሽታ አቋርጦ የሚያልፍ ሌላ ዱካ አድርጉ፤ ፍየል አሳልፉበት። ውሻው ወደ ፍየሉ ሲታጠፍ አትጎትቱት፤ አትጩኹ። «ተው» ብላችሁ ገመዱን ይዛችሁ ቁሙ። ወደፊት መሄድ አይችልም፤ ምንም አያገኝም። አፍንጫውን ወደ ከርከሮው ሲመልስ ያን ጊዜ «ጎበዝ!» ብላችሁ ተከተሉት። ስሕተቱ ሩጫ ያስቀርበታል፤ ትክክሉ ሩጫ ይሰጠዋል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከዚህ ላይ ያቋርጣል።

ቀጥሎ ወደ እውነተኛው ማሳ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማለዳ ውጡ። እርጥብ መሬት ሽታ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል። ውሻውን ከማስጀመራችሁ በፊት ዱካውን በዓይናችሁ ለዩ። የድኩላ ኮቴ ጠባብና ጫፉ ሹል ነው። የከርከሮ ሰፋ ያለና ጫፉ ደነዝ ያለ ነው። ይህን የማይለይ ሰው ውሻው ሲሳሳት ማወቅ አይችልም፤ ትክክሉን ሊገሥጽ ስሕተቱን ሊያመሰግን ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ዱካ ማንበብ ከውሻው ቀድሞ መማር አለበት።

ልምድ ያለው አሮጌ ውሻ ካለ ለጎረምሳው ጥሩ አስተማሪ ነው። ግን አንድ ብቻ ይሁን፤ ጠባዩም የታወቀ ይሁን። አሮጌው ፍየል የሚወድ ከሆነ ጎረምሳው በአንድ ቀን ይማርለታል።

ገመዱ የሚፈታው ውሻው ድኩላ ሸቶት አልፎ ሲሄድ ደጋግማችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ከርከሮው ላይ ሲደርስም ይጩኽ እንጂ አይናከስ። የከርከሮ የታችኛው ክራንቻ እንደ ምላጭ ነው፤ የውሻን ሆድ ይቀዳል። ጃርትም ወደ ኋላ እየሸሸ በእሾሁ ይወጋል። ስለዚህ ሲጮኽ ጠርታችሁ አመስግኑት። የእናንተ ትርፍ አውሬው በየት በኩል እንደገባና የት ጉድጓድ እንደሚያድር ማወቁ ነው። ከርከሮ ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ በቆፈረው ጉድጓድ ያድራል። መግቢያው ከታወቀ አጥሩ እዚያ ላይ ይጠነክራል።

ማሳን መጠበቅ ሌላ፣ ጫካ ገብቶ ማደን ሌላ ነው። የዱር እንስሳት ሕግ ያለፈቃድ ማደንን ይከለክላል። «ውሻዬ ነው የገደለው» ማለት ከጠያቂ አያድንም። ከማጂ ደጋ ወደ ኦሞ ወንዝ ሲወረድ ደግሞ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አለ። አውሬው አልቻል ካለ ለቀበሌና ለወረዳ አመልክቶ መፍትሔ መጠየቅ ነው።

የውሻው ክትባትም አይረሳ። ጫካ የሚገባ ውሻ ከአውሬ በሽታ ያመጣል፤ ለአውሬም በሽታ ይወስዳል። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. ገደማ፣ እንደገናም በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ብዙ ፈጅቶበታል። በሽታው የተላለፈው ከመንደር ውሾች ነው። ሰውንም ይገድላል። የእንስሳት ሐኪም ቤት ሄዳችሁ አስከትቡት፤ የተከተበበትንም ቀን በደብተራችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እኚያው አባት ሌላም ጠይቀውን ነበር፤ «ፍየል የለመደውስ ውሻ ይመለሳል ወይ?» ነው ያሉት። ደም የቀመሰውን መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ፍየል በሌለበት ሰዓት ብቻ፣ በገመድ ተይዞ መሠልጠን ይችል ይሆናል። ተፈትቶ ማሳ ላይ የሚታመን ግን አይመስለንም። እንዲህ ያለው ውሻ ቀን ታስሮ ይዋል፤ ሌሊት ማማው ሥር ታስሮ ይደር። አውሬ ሲሸተው መጮኹ አይቀርም፤ ጩኸቱ ማማ ላይ ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል።