ስለ ጣት አሻራ መዝገብና ስለ አጠባበቁ

ሕዝብን ቈጥሮ በመዝገብ መጻፍ ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ነው። ሙሴ የእስራኤልን ልጆች በሲና ምድረ በዳ በየነገዳቸው ቈጠረ፤ ንጉሥ ዳዊትም በዘመኑ አስቈጠረ። የሙሴ ቈጠራ በትእዛዝና በሥርዓት ስለ ሆነ ሕዝቡን አጸና፤ የዳዊት ቈጠራ ግን ከልብ መታበይ ስለ መጣ መቅሠፍት አስከተለ። እንግዲህ መቍጠሩ ብቻውን በጎ ወይም ክፉ አይባልም፤ የሚመዘነው የተቈጠረበት ምክንያትና የመዝገቡ አያያዝ ነው።

በዛሬው ዘመን የሚመዘገበው የሰው ስምና የአባቱ ስም ብቻ አይደለም። የዐሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዐይኖች ምስልና የፊት ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ይቀመጣሉ። ከዚህ ዐይነት መዝገብ በዓለም ትልቁ አድሃር የሚባለው የሕንድ መዝገብ ነው። መሥሪያ ቤቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ተቋቋመ፤ በ2010 የመጀመሪያው ባለ 12 አሐዝ ቍጥር በማሃራሽትራ ግዛት ቴምብሊ በምትባል መንደር ተሰጠ። ዛሬ ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተመዝግቦበታል። የተነሣበት አሳብ መልካም ነበር፤ ማንነቱን የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው ድኻ የመንግሥትን ርዳታ እንዲያገኝ፣ በሐሰት ስም የሚወጣውም እህል እንዲቀር ነው።

ነገር ግን ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ሁለት ችግር ታየ። አንደኛው በሠራተኛው ጣት ላይ የታየ ነው። በእርሻ፣ በድንጋይና በጡብ ሥራ የኖረ ሰው የጣቱ መሥመር ስለሚፋቅ መሣሪያው ሳያውቀው ይቀራል። በዚህም ምክንያት በእህል ማደያ ደጅ ተሰልፈው ውለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ድኾች አሉ። መሥሪያ ቤቱም በ2017 አሻራው ያልታወቀለት ሰው በሌላ መንገድ እንዲስተናገድ እንጂ እንዳይከለከል ትእዛዝ አወጣ።

ሁለተኛው ችግር ከቍልፍ ያዦች የመጣ ነው። በ2018 ትሪቢዩን የተባለ የሕንድ ጋዜጣ 500 ሩፒ ብቻ ተከፍሎ የተመዝጋቢዎችን ስምና አድራሻ ለማየት የሚያስችል መግቢያ እንደ ተገኘ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ አሻራዎቹ እንዳልተነኩ አስታወቀ። ሆኖም ግንቡ ምንም ቢጠነክር በሩን የሚከፍተው ሰው ካልታመነ መዝገቡ እንደማይጠበቅ ከዚህ ይታወቃል። ጎተራ ቢዘረፍ እህሉ በሚመጣው መኸር ይተካል፤ ምሥጢራዊ ቍጥርም ቢሰረቅ በሌላ ይለወጣል፤ አሻራው የተሰረቀበት ሰው ግን ሌላ ጣት አያበቅልም።

ነገሩ በሕንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ተመርምሯል። ጡረተኛው ዳኛ ኬ. ኤስ. ፑታስዋሚ በ2012 ባቀረቡት አቤቱታ መነሻነት 9 ዳኞች በ2017 ተሰይመው የሰው የግል ነገር መጠበቁ መሠረታዊ መብት ነው ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። በ2018 ደግሞ ከ5 ዳኞች 4ቱ ተስማምተው መዝገቡ ለመንግሥት ርዳታ እንዲያገለግል ፈቀዱ፤ የባንክ ሒሳብ ወይም የስልክ መሥመር ለማግኘት ግን ቍጥሩ ግዴታ እንዳይሆን ከለከሉ። ሰውዬው መቼ መታወቂያውን እንደ ተጠቀመ የሚያሳየው ማስታወሻም ከ6 ወር በላይ እንዳይቀመጥ ወሰኑ። አምስተኛው ዳኛ ሕጉ በሞላው ይፍረስ ብለው ተለዩ።

በኢትዮጵያም ፋይዳ የተባለው መታወቂያ እንዲሁ አሻራን፣ የዐይንንና የፊትን ምስል ይመዘግባል። ሥራው በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1284 ይመራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃን ጥበቃ ይደነግጋል። አዋጅ በአዲስ አበባ ቢታወጅም የሚፈጸመው በየወረዳው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅ። ማዳበሪያ ለማደል የተቀበለውን ቍጥር ለሌላ ጕዳይ አያውለው። የገበሬዎች ስምና ቍጥር በግድግዳ እንዳይለጠፍ፣ መታወቂያቸውም በጸሓፊ የግል ስልክ ፎቶግራፍ እንዳይነሣ ይከልክል። የመዝገቡን መክፈቻ የያዘ ሠራተኛ ለባልደረባው አያውሰው፤ መዝገቡን ማን እንደ ከፈተ፣ በምን ቀንና ስለ ምን ጕዳይ እንደ ከፈተ ይጻፍ። ከሁሉም ይልቅ ጣቱ በእርፍና በዶማ የተፋቀ ገበሬ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ማንነቱን እያወቁ፣ መሣሪያ አላወቀህም ተብሎ ከደጅ ሊመለስ አይገባም፤ ጣቱ የተፋቀው አገሩን ሲያበላ ነውና።