የመርከብ ላይ ፈገግታ

ባሕር የሌለው አገር ተማሪዎች ስለ ሽርሽር መርከብ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ነገሩን በመጀመሪያ ያነሣነው ለሣቅ ነበር። በመርከብ ሲንሸራሸሩ ሰንብተው የተመለሱ ሰዎች ስለ መስተንግዶው የጻፉትን አስተያየት አንድ ማታ ተሰብስበን ስናነብ፥ አንዱ ቡናው ስለ በረደበት አንድ ገጽ ሙሉ ሲያማርር፥ ሌላው ደግሞ ፎጣውን በዝሆን አምሳል አጥፎ አልጋው ላይ ያስቀመጠለትን ልጅ ሲመርቅ፥ ሆዳችንን እስኪያመን ሣቅን። ነገር ግን ንባቡ እየበዛ ሲሄድ አንድ ነገር አስተዋልን። እነዚህ ሰዎች ስለ ባሕሩ የሚጽፉት ጥቂት ነው፤ በምግቡም ቢሆን አይስማሙም፤ ሁሉም ሳይሰለቹ እየተመላለሱ የሚያነሡት የሠራተኛውን ፊት ነው። ፈገግ አለልኝ፥ ፊቱን አጠቆረብኝ፥ ስሜን አወቀ፥ ስሜን ረሳ። ለመሆኑ ይህ ፈገግታ ከየት ይመጣል? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? እንመርምረው ብለን ተነሣን።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሽርሽሩ ራሱ የቆየ ነው። በ1891 አልበርት ባሊን የተባለው የሐምቡርግ ነጋዴ፥ በክረምት ሥራ ፈትታ የምትቆመውን «አውጉስታ ቪክቶሪያ»ን 241 መንገደኞች አሳፍሮ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ላከ። ነገሩ ትልቅ ንግድ የሆነው ግን ጄት አይሮፕላን በ1958 መንገደኛ እየጫነ አትላንቲክን በጥቂት ሰዓት መሻገር ከጀመረ በኋላ ነው። ለመሻገር ብሎ መርከብ የሚሳፈር ሲጠፋ፥ የመርከብ ባለቤቶች መርከቧን ራሷን መድረሻ አደረጓት። በ2024 በዓለም ላይ ከ34 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዲህ ተንሸራሽረዋል። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» ጥቅጥቅ ብላ ስትሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ የሚያገለግሏቸው ሠራተኞችም 2,350 ያህል ናቸው። አንድ የወረዳ ከተማ ተነቅሎ በውሃ ላይ ሄደ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ልዩነቱ ከከተማው ሕዝብ ሩብ የሚያህለው ሌላውን ለማስደሰት የተቀጠረ መሆኑ ነው።

ይህች መርከብ የምትነሣው ከማያሚ ነው። የኩባንያዋም ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ማያሚ ይገኛል። በስተኋላዋ የሚውለበለበው ባንዲራ ግን የባሃማስ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ በሕግ የተመዘገበው በላይቤሪያ ነው። ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። መርከብ በባሕር ላይ ሳለች በውስጧ የሚጸናው በመጀመሪያ የባንዲራዋ አገር ሕግ ስለ ሆነ፥ ባለቤቶቹ ግብሩና የሥራው ሕግ ወደሚቀልበት አገር ሄደው ባንዲራ ያወጣሉ። በዚህም ምክንያት ሠራተኛውን ከየትኛውም ዓለም መቅጠር ይችላሉ። ወጥ ቤት ውስጥ፥ በመመገቢያው አዳራሽና በመኝታ ክፍሎቹ የሚሠሩት አብዛኛዎቹ የፊሊፒንስ፥ የኢንዶኔዢያና የሕንድ ሰዎች ናቸው። ውላቸው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ሲሆን፥ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰባቱንም ቀን ይሠራሉ።

ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከ2013 ጀምሮ ይሠራበታል። ስምምነቱ ለየአገሮቹ ሁለት መንገድ ሰጥቷቸዋል፤ ወይ የሥራው ሰዓት በሳምንት ከ72 እንዳይበልጥ ይወስናሉ፥ ወይ የዕረፍቱ ሰዓት በሳምንት ከ77 እንዳያንስ ይወስናሉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ አንባቢያችን 77ቱን ቀንሶ ቀሪው ስንት እንደሚሆን ይመልከት። እኛ ሒሳብ ጎበዞች ባንሆንም 91 አግኝተናል።

መንገደኛው ይህን አያይም። የሠራተኛው መተላለፊያ ከታች፥ ከውሃው መስመር አጠገብ ነው፤ ሠራተኞቹ በብዙ መርከቦች ላይ በአንድ ትልቅ የአሜሪካን አውራ ጎዳና ስም «አይ 95» ይሉታል። በሩ ከፈት ብሎ አሳላፊው ወደ ላይ ሲወጣ ፊቱም አብሮ ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። ሽርሽሩ ሲያልቅ ለመንገደኛው መጠይቅ ይሰጠዋልና። አሳላፊው እንዴት ነበር? ክፍልህን ያሰናዳው እንዴት ነበር? መንገደኛው ሻንጣውን እየዘጋ በችኮላ የሚሞላው ይህ ወረቀት፥ ከታች ላለው ሰው ዕድገት ነው፥ የተሻለ የጠረጴዛ ምድብ ነው፥ አንዳንድ ጊዜም የሚቀጥለው ውል ነው። ስለዚህ ስለ መርከብ መስተንግዶ የሚሰጥ አስተያየት እንዲያው አስተያየት ብቻ አይደለም፤ ከደመወዝ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው።

አርሊ ሆክሺልድ የተባለችው አሜሪካዊት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ነገር አስቀድማ አይታዋለች። እርሷ የመረመረችው የአይሮፕላን አስተናጋጆችን ነበር። ያገኘችውም፥ ፈገግታው ከሥራው ጎን የሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ሥራው ራሱ መሆኑን ነው። ሸክም የሚሸከም ሰው ጀርባው እንደሚደክም ሁሉ፥ ስሜቱን የሚያከራይ ሰውም የሚደክም ነገር አለው፤ ከሥራ ወጥተው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ፈገግታው አልላቀቅ የሚላቸው ነበሩ። አይሮፕላን ግን ቢረዝም በአንድ ሌሊት ያርፋል፤ መርከቡ ስድስት ወር ነው።

(እዚህ ላይ ራሳችንን መታዘባችን አልቀረም። በምግብ አዳራሽ ወጥ የምትጨልፍልን ሴትዮ ፊቷን አጨፈገገች ብለን ስንት ጊዜ አጉረምርመናል? ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ በእሳቱ ፊት እንደ ቆመች ግን ማናችንም አልጠየቅናትም።)

አሁን ወደ ሐዋይ እንሂድ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረን የሐዋይ ነገር ነውና። በአሜሪካን በ1886 የወጣ ሕግ፥ የውጭ አገር መርከብ ከአንዱ የአሜሪካን ወደብ መንገደኛ ጭኖ በሌላው እንዳያወርድ ይከለክላል። በሐዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ መንሸራሸር የሚፈልግ ኩባንያ እንግዲህ የአሜሪካን ባንዲራ ማውለብለብና አሜሪካውያንን መቅጠር አለበት። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት መርከቦችን እንዲህ አድርጎ አሰማራ። ወዲያው የመንገደኞች እሮሮ ወረደ። አሳላፊው ቸልተኛ ነው፤ የጠየቅነውን ሳያመጣ ይቀራል፤ ክፍላችን በጊዜ አይጸዳም፤ ሠራተኛው ፊት አይሰጥም። ብዙ ሠራተኞችም ሥራውን ጀምረው ሳይቆዩ ጥለው ይወርዱ ነበር። በ2008 ከሦስቱ መርከቦች ሁለቱ ከሐዋይ ተነሡ፤ «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ብቻዋን ቀረች፤ እርሷ እስከ ዛሬም እዚያው ትሠራለች።

ብዙ መንገደኞች ከዚህ ያወጡት ትምህርት እንዲህ የሚል ነበር፤ የእስያ ሰው በተፈጥሮው ትሑት ነው፤ አሜሪካዊ ግን ሰው ማገልገል አያውቅበትም። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል ስሕተት ነው፤ አንዳንዶቻችን እንዲያውም ነውር ነው ብለናል። ለኩባንያው እውነቱን ለመስጠት ያህል፥ ሠራተኞቹ አዲሶች ነበሩ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው መልምሎ ማሠልጠን ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ሌላው ምክንያት ግልጽ ነው። አሜሪካዊው አሳላፊ የአገሩ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ሥራው ሲያስመርረው ሆኖሉሉ ላይ ወርዶ አይሮፕላን ይሳፈራል፤ በማግስቱ በከተማው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የማኒላው ልጅ ግን የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የእናቱ መድኃኒት፥ የቤቱ ጣራ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። ወርዶስ የት ይገባል? ሁለቱም ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይደክማሉ፤ አንደኛው ድካሙ ፊቱ ላይ እንዲታይ መፍቀድ ይችላል፥ ሁለተኛው አይችልም። እኛንም ቢሆን ፈረንጆች ኢትዮጵያዊ በተፈጥሮው እንግዳ ተቀባይ ነው እያሉ ሲያሞግሱን ደስ ይለናል፤ እንግዳው በነፃ ሲመጣና ሒሳብ ከፍሎ ሲመጣ ግን ነገሩ አንድ እንዳልሆነ በሆቴል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ፈገግታው ሁሉ ውሸት ነው ልትሉን ነው? አይደለም። ይህን እንዳንል የሚከለክለን በየካቲት 2013 የደረሰው ነገር ነው። «ካርኒቫል ትራየምፍ» የተባለችው መርከብ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳለች የሞተር ክፍሏ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ ጠፋ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ። 3,143 መንገደኞችና 1,086 ሠራተኞች ያለ ማቀዝቀዣ፥ ሥራውን በተወ ሽንት ቤት፥ ትኩስ ምግብ እንደ ልብ ሳይገኝ በባሕሩ ላይ ተንሳፈፉ። ሰዎች ፍራሻቸውን እያወጡ በጣራው ላይ አደሩ፤ በከረጢት መጸዳዳት ግድ ሆነ፤ ያንን ከረጢት የሚሰበስበውም ትናንት ፎጣውን ዝሆን ያደርግ የነበረው ልጅ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ መርከቧ እየተጎተተች ሞቢል ከተማ ወደብ ስትደርስ ጋዜጠኞች መንገደኞቹን ከበቧቸው። ብዙዎቹ ኩባንያውን ረገሙ፤ እነዚያው ሰዎች ሠራተኞቹን ግን አመሰገኑ። አምስተኛው ሌሊት ላይ የሚሞላ መጠይቅ፥ የሚጠበቅ ጉርሻም አልነበረም። ለነዚህ ሠራተኞች ከፈገግታው በስተኋላ የቆመ ሌላ ነገር እንደነበራቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘንም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ አንድ ነገርም ልናልፈው አልቻልንም። በጥር 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» በጣሊያን ጠረፍ ከዐለት ጋር በተጋጨች ጊዜ፥ መንገደኞቹ የተነገራቸው የመብራት ብልሽት ነው የሚል ነበር፤ ሠራተኞችም ከላይ የተነገራቸውን እየደገሙ ሰውን ወደ ክፍሉ ሲመልሱ ታይተዋል። መርከቧን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። 32 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ውስጥ ሠራተኞች ነበሩበት። ካፒቴኑ ሰው ሳያልቅለት ከመርከቡ ወርዶ ኋላ 16 ዓመት ተፈረደበት። በየሽርሽሩ መጠይቅ የሚሞገሰው «ሁሉ ደኅና ነው» የሚለው ጸጥ ያለ ፊት፥ በዚያች ሌሊት ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ሆኖ ተገኘ።

በየካቲት 2020 ደግሞ «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» በዮኮሃማ ወደብ በበሽታ ምክንያት ታግዳ ቆመች። በመርከቧ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ በኮሮና ተያዙ። መንገደኞቹ ከክፍላቸው እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ ወደ እያንዳንዱ በር ምግብ ያመላለሱት ግን በአንድ ጠባብ ክፍል ሁለትም ከዚያም በላይ እየሆኑ የሚያድሩት 1,045ቱ ሠራተኞች ናቸው። ያንጊዜ የሠራተኛው ፊት በጭንብል ተሸፍኖ ስለ ነበረ ፈገግ ማለቱንና አለማለቱን ያየው የለም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በቋንቋችን ለአሳላፊ የሚሰጠው ገንዘብ ጉርሻ ይባላል፤ በፍቅር በእጅ የሚጎርሰውም ጉርሻ ነው። በመርከብ ላይ ግን ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ አይሄድም። በትልልቆቹ የአሜሪካን መርከቦች በ2024 በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር የሚያህል ገንዘብ በመንገደኛው ሒሳብ ላይ በራሱ ይጨመራል፤ ለብዙ አሳላፊዎችም ከደመወዛቸው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር ኩባንያው የሠራተኛውን ደመወዝ በመንገደኛው በጎ ፈቃድ ላይ አኑሮታል። የእንግሊዝ ሰዎች ይህን ልማድ አይወዱትም፤ ፒ ኤንድ ኦ የተባለው ኩባንያቸው በ2019 ትቶት ሒሳቡን ከቲኬቱ ዋጋ ጋር ደባልቆታል። ከመካከላችን ይህ መንገድ ይሻላል የምንለው እንበዛለን፤ ጉርሻ ከቀረ ትጋት ይቀራል የሚሉም ሁለት ጓደኞች አሉን፤ እነርሱንም ማሳመን አልቻልንም።

ጉርሻውን ግን ማስቀረት ይቻላል። በመጨረሻዋ ሌሊት በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ፊት ሰልፍ ይሆናል። አንዳንዱ የቆመው ሒሳቡን ለማጣራት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጉርሻው እንዲሰረዝለት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ የሚሰርዘውን ሰው ምን እንዳስቀየመው በትሕትና ትጠይቃለች፤ ይህንንም ፈገግ እያለች ነው። በማግስቱ ጧት መርከቧ ወደብ ትደርስና መንገደኛው ሁሉ ይወርዳል። ከቀትር በኋላ ሌሎች ሺዎች በዚያው በር ይገባሉ፤ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃቸዋል፥ እስከ ማታም ፎጣው ዝሆን ይሆናል።