ያውቁ ኖሯል? የሐይቅን ስፋት በካሬ ቆጠራ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ርዝመቱ 6.7፣ ወርዱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ቢያባዙ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ይመጣልዎታል፤ የሚታወቀው ስፋቱ ግን 23 ገደማ ነው። ዳርቻው ጠመዝማዛ ነውና ማባዛቱ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ካሬ መቁጠር ነው።

በ1:50,000 የአገራችን ካርታ ላይ የተሰመረው እያንዳንዱ ካሬ ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ መሬት ላይ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 100 ሄክታር ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ላይ ያረፉትን ይቁጠሩ። ዳርቻው የቆረጣቸውን ደግሞ ቆጥረው ለሁለት ያካፍሉና ይደምሩ። አንዱ ከግማሽ ቢበልጥ ሌላው ያንሳል፤ ስሕተቱ በአብዛኛው ይቻቻላል።

በሐይቁ ውስጥ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ባሕረ ገብ መሬት ግን ለትልልቅ ካሬ አይመችም። መላው ካሬውን ማሳነስ ነው፦ ጎኑ በግማሽ ሲያጥር ዳርቻው የሚቆርጣቸው አጠራጣሪ ካሬዎች ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አጠራጣሪው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል።

ደስ የሚለው ስሌት ደግሞ ይኸው። በዚሁ ካርታ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የሚሊ ሜትር ወረቀት ቢያነጥፉ፣ አንዷ ሚጢጢ ካሬ መሬት ላይ 50 ሜትር በ50 ሜትር ናት። ይህም ሩብ ሄክታር ነው፤ ገበሬው በግምት አንድ ጥማድ የሚለው! ሐይቁ እንግዲህ 9,200 ጥማድ ያህል ወጣው፤ ያውም የማይታረስ። በኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ያለ ጠማማ ማሳም የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ንድፍ ብቻ ነው።