አሮጌው ኮምፒዩተርና አዲሱ ካርድ፤ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይክፈቱ

በቤትዎ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዕድሜው ከዐሥር ዓመት አልፎ እንደ ሆነና ግራፊክስ ካርድ ቢገዙለት እንደገና ወጣት የሚሆን መስሎ ከታየዎት፣ አሳብዎ መልካም ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ካርዱ የደመወዝን ትልቅ ድርሻ፣ ለተማሪም የብዙ ወር ቍጠባ የሚጠይቅ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ ከኪስዎ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ልናጫውትዎ እንወዳለን።

ገበያተኛው ወደ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበልጠው ካርድ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ደስ እያለው ያሳየዋል። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ግን «የእኔ ኮምፒዩተር ምን ያህሉን ሊሸከም ይችላል?» የሚለው ነበር። ለዚህ መልስ የሚገኘው ከሻጩ አፍ ሳይሆን የኮምፒዩተሩ ክዳን ተከፍቶ ውስጡ ሲታይ ነው።

ለመሆኑ ግራፊክስ ካርድ ምን ይሠራል? በስክሪንዎ ላይ የሚያዩት ሥዕል ሁሉ የነጥቦች ጥርቅም ነው። በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥብ ያለው ስክሪን በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ቀለሙ ተሰልቶ መውጣት አለበት ማለት ነው። ዋናው ፕሮሰሰር በእርሻ ላይ የተሰማሩ ጥቂት ብርቱ ጐበዞችን ቢመስል፣ ግራፊክስ ካርድ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በአንድ ጊዜ የሚያጭድበትን ደቦ ይመስላል። ከዚህ በታች በምንጠቅሰው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 በተባለው ካርድ ላይ እነዚህ አጫጆች 896 ናቸው።

እንግዲህ የኮምፒዩተርዎ ሕመም የአጫጅ ማነስ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። ሥራዎ ደብዳቤ መጻፍ፣ የሒሳብ ሰንጠረዥ መሙላትና ኢንተርኔት ማንበብ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩም ሲከፍቱት ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚያስጠብቅዎ ከሆነ፣ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርድ እጦት አይደለም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. ይለውጡ፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት እንደ ሆነ ወደ 8 ያድርሱት፤ ይበቃዎታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ካርድ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ካርዱ በእርግጥ የሚያስፈልገው የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ተማሪ፣ ፊልም ለሚያቀናብር ሰውና፣ ለምን ይደበቃል፣ ጨዋታ ለሚወድ ወጣት ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብሌንደር የተባለው፣ ለሕንፃና ለፊልም ሥዕል የሚያገለግለውና በነጻ የሚታደለው ፕሮግራም፣ በ2023 ከወጣው ከ4.0 እትሙ ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ ኦፕን ጂ.ኤል. 4.3 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ ግራፊክስ ይሻል። በ2012 በወጣው ኮር አይ 5-3470 ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኤች.ዲ. 2500 የተባለው ግራፊክስ ግን በዊንዶውስ ላይ የሚደርሰው እስከ 4.0 ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የፍጥነትና የዝግታ ጕዳይ መሆኑ ይቀርና የመቻልና ያለመቻል ጕዳይ ይሆናል፤ ተማሪው በዚህ ፕሮግራም የሚሠራውን የትምህርት ሥራ ሊጀምረው እንኳ አይችልም። እዚህ ላይ መጠነኛ ካርድ ቢገባ ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም።

ይኸው ፕሮሰሰር የሚገኝበትን ደል ኦፕቲፕሌክስ 7010ን ክዳኑን ከፍተን እንመልከት። ይህ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ፣ ቢሮዎች በአዲስ ሲለውጡት ወደ ብዙ ሰው ቤት የገባ ጠንካራ ዕቃ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቁመናው አራት ዓይነት ነው። ቆሞ የሚቀመጠው ሚኒ ታወር የ275 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ ከእርሱ የሚያንሰው ዴስክቶፕ የተባለው 250፣ ቀጭኑ ኤስ.ኤፍ.ኤፍ. 240 ዋት አላቸው፤ ከሁሉ ትንሹ ዩ.ኤስ.ኤፍ.ኤፍ. ግን ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ስሎት ጭራሽ የለውም። ቀጭኑ ቢሆን የሚቀበለው ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን አጭሩን ካርድ ብቻ ነው፤ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የተለመደው ካርድ ክዳኑን አያስገጥመውም። ማስመሪያ ይዞ መለካት ነውር የለበትም።

ከቁመናው ይልቅ የሚከብደው የኃይሉ ነገር ነው። ካርዱ የሚሰካበት ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የተባለው ስሎት ለካርዱ የሚያቀብለው ኃይል ከ75 ዋት አይበልጥም። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ይሻል፤ ባለ 6 ፒኑ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምርለታል። የ7010 የራሱ ፓወር ሰፕላይ ግን ይህ ገመድ የለውም። ሒሳቡን እንሥራ፤ ፕሮሰሰሩ 77 ዋት፣ ካርዱ 75፣ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ማራገቢያዎቹ ተደምረው 50 ያህል ቢወስዱ በጠቅላላው 200 ገደማ ነው። 275ቱ ይህን ይችላል፤ በላዩ ሌላ መቶ ቢጫንበት ግን ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል ድርግም ይላል፤ ያልተቀመጠውም ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል።

ይህን ወሰን በብልሃት ለማለፍ የሚሹ አሉ። ለዲስክ የተዘጋጀውን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚለውጥ አነስተኛ መቀጠያ በርካሽ ይሸጣል። የሳታው ሶኬት በ12 ቮልት መስመሩ ሊያሳልፍ የተፈቀደለት 54 ዋት ብቻ ነው። 75 ሲጠየቅ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በእኛ አስተያየት ይህ ዕቃ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ መመለስ አለበት። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መለወጥ ይሻላል። የ7010 ሚኒ ታወር የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሲቀበል፣ በ2013 የተከተለው 9020 ግን ለብቻው በተለየ ባለ 8 ፒን የሚሠራ ስለ ሆነ ተጨማሪ መለወጫ ገመድ ይጠይቃል።

በ75 ዋት ወሰን ውስጥ ምን ይገኛል? በ2016 የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ቲ.አይ. እና በ2019 የወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 ሁለቱም 4 ጊጋ ባይት ይዘው 75 ዋት ይበቃቸዋል። ሆኖም አንዳንድ ፋብሪካዎች በ1650 ላይ የባለ 6 ፒን ሶኬት ስለሚያደርጉ፣ ሳይከፍሉ የካርዱን ጠርዝ ይመልከቱ። ከሁለቱ እኛ የምንመርጠው 1650ን ነው። የ1050 ቲ.አይ. ትውልድ አዲስ ጨዋታዎችን የሚከተለው ድራይቨር በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ የቀረው እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ እንደሚሰጥ የተነገረለት የደኅንነት ጥገና ነው።

ለቀጭኑ ኮምፒዩተር የሚመቸው 30 ዋት ብቻ የሚወስደው ጂ.ቲ. 1030 ነው፤ ግን ይጠንቀቁ። በ2017 የወጣው በጂ.ዲ.ዲ.አር. 5 ራም የተሠራ ሲሆን በሴኮንድ 48 ጊጋ ባይት ያመላልሳል። በ2018 በዚያው ስም የወጣው ባለ ዲ.ዲ.አር. 4 ግን የሚያመላልሰው 17 ያህል ብቻ ነው። ስሙ አንድ፣ ሥራው ሁለት። በካርቶኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው አህያ ከፍሎ ዶሮ ይዞ ይገባል። በ2022 የወጣው ኤ.ኤም.ዲ. አር.ኤክስ. 6400ም 53 ዋት ብቻ መውሰዱ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከ16ቱ የስሎት መስመሮች በ4ቱ ብቻ ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ መስመር የአዲሱን ግማሽ ብቻ በሚያሳልፍበት በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጕልበቱ ይቀንሳል።

ሌላም ማታለያ አለ። ከ2010 ወዲህ የወጡ ያረጁ ካርዶችን ስማቸውን በውስጣቸው ባለው ፕሮግራም ለውጠው 1050 ቲ.አይ. ናቸው ብለው የሚሸጡ ተገኝተዋል፤ ዊንዶውስም ተታሎ ይህንኑ የሐሰት ስም ያሳያል። ጂ.ፒ.ዩ.-ዜድ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ ብዙዎቹን ለይቶ በስማቸው ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ይጽፍባቸዋል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ካርዱ በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ እንዲታይ ይጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ መሄጃው ሌላ ሱቅ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ካርድ ዕድሜን አይመልስም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በደንብ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ 3470 የሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ዋጋ እጥፍ የሚያወጣ ካርድ እዚህ ላይ ማሰር ጥበብ አይመስለንም። የሚገዙት ካርድ ነገ ኮምፒዩተር ሲለውጡ አብሮዎት የሚሄድ ቢሆን ይመረጣል።

መግጠሙ ራሱ ከተባለው በላይ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩን ያጥፉ፤ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የመክፈቻውን ቍልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭነው ይያዙ። ከዚያም በእጅዎ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጐዳ ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ። የተጠራቀመውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ የዐሥር ዓመት አቧራ ሙቀት እንዳይወጣ ያፍናልና። ካርዱን በረጅሙ ስሎት ላይ አስተካክለው «ቀጭ» እስኪል ድረስ በሁለት እጅ ይጫኑት፤ ብሎኑንም ያጥብቁ።

አሁን የስክሪኑን ገመድ በቀድሞው ቦታ ሳይሆን በአዲሱ ካርድ ላይ ይሰኩ። ስክሪኑ ጨለመ ብለው ካርዱን ለመመለስ ወደ ሱቅ የሚሮጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የዘነጉት ይህንኑ ነው። አሮጌው ስክሪንዎ ሰማያዊ ሶኬት ያለው ቪ.ጂ.ኤ. ብቻ ከሆነም፣ እነዚህ ካርዶች ያን ሶኬት ስለሌላቸው ከኤች.ዲ.ኤም.አይ. ወደ ቪ.ጂ.ኤ. የሚለውጥ ዕቃ አብረው ይግዙ። ሲገዙም ምልክቱን ራሱ የሚተረጕመውን ዓይነት ይጠይቁ፤ ሽቦ ብቻ የሆነው መቀጠያ ምንም ሥዕል አያሳይም።