የእርፍ ዋጋ፦ ደመወዝ የሌለው ሰው በሰው ቸልተኝነት ሲሞት ካሣው በምን ይሰላል?

ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ለጎጃም ገበሬ ሁለት ነገር አምጥቶለታል። አንደኛው ጤፉንና ስንዴውን እስከ አዲስ አበባ የሚያደርስለት መኪና ነው። ሁለተኛው ከገበያ ሲመለስ መንገድ ዳር የሚገጨው መኪና ነው።

አደጋው በአሽከርካሪ ቸልተኝነት ሲደርስ ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ጥፋተኛው ይታሰራል። እስሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሟችን ልጆች አያበላም። መቀጮም ቢጣል የሚገባው ለመንግሥት ካዝና ነው። ቤተሰቡ ያጣውን ገንዘብ የሚመልስለት ሌላ ሕግ ነው፤ እሱም የካሣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ፊት የጎጃም ገበሬ ቤተሰብ በተደጋጋሚ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሟች በወር ስንት ያገኝ ነበር?»

ገበሬ በወር አያገኝም። የደመወዝ ፔሮል የለውም፣ ገቢው በባንክ ደብተር አያልፍም፣ ከምርቱ ብዙውን ቤተሰቡ ይበላዋል። መልስ የሌለው የሚመስለው ይህ ጥያቄ ግን መልስ አለው። መልሱም የጎጃም ገበሬ በየዓመቱ በሚዋዋለው ውል ውስጥ ይገኛል።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። ለአንዳንድ አደጋዎች ደግሞ ጥፋት መኖሩ እንኳ እንዲረጋገጥ አይጠይቅም። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳ። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ለሚደርስ ጉዳትም አንቀጽ 2069 ተመሳሳይ ኃላፊነት ያስቀምጣል።

ይህ ድንጋጌ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት አለው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ጊዶ ካላብሬዚ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የአደጋ ወጪ መጫን ያለበት አደጋውን በአነስተኛ ወጪ ሊከላከል በሚችለው ወገን ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ መታየት አለመታየቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሹፌሩ ሳይተኛ ሌሊቱን እንዲነዳ የሚያስገድደው ወይም የሚያሳርፈውም እሱው ነው። አህያውን እየነዳ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ገበሬ በዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። ካሣው ከጉዳቱ ካነሰ ባለቤቱ ፍሬን ላይ የሚቆጥበው ገንዘብ የእሱ ትርፍ ይሆናል፣ ኪሳራውን የሚከፍለው ግን የሟች ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የካሣ ማነስ የቤተሰቡ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የመንገዱን ደኅንነትም ይወስናል።

የካሣው ልክስ? አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ሞት ሲደርስ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች በአንቀጽ 2095 መሠረት በራሳቸው ስም ያጡትን ጥቅም መጠየቅ ይችላሉ። ጉዳቱን በትክክል ማስላት ሲያዳግት ደግሞ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ ሕጉ ገበሬውን አላገለለም። የጎደለው ለዳኛው የሚቀርበው ስሌት ነው።

እኩል የሚነግረን ዋጋ

በጎጃም ደጋ ባሏ የሞተባት ሴት እርሻ ሲደርስ ምን ታደርጋለች? በልማዱ ሴት እርፍ አትይዝም። ልጆቿ ካልደረሱ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ትናንት ሙሉ ምርት የሚገባበት ጎተራ ዛሬ ግማሹ ብቻ ይገባበታል።

የሟች ጉልበት ዋጋ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሬቱ አልሞተም፣ ዝናቡም አልቀረም። የጎደለው የሰውየው እጅ ነው፤ ለዚያ እጅ ምትክ ገበያው የሚጠይቀው ዋጋ ደግሞ የምርቱ ግማሽ ነው። ከደመወዝ ወረቀት የተሻለ ማስረጃ ይህ ነው። መንደርተኛው ሁሉ የሚያውቀው፣ በየዓመቱ የሚታደስና በምስክር የሚረጋገጥ ዋጋ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው። አንድ የ40 ዓመት ገበሬ አንድ ሄክታር ተኩል ያርሳል፣ ከራሱ ጋር ስድስት ቤተሰብ አለው እንበል። የዓመት ምርቱ በገበያ ዋጋ 240,000 ብር ቢያወጣና ለማዳበሪያና ለዘር 60,000 ብር ቢወጣ የተጣራው 180,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የራሱ ፍጆታ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 30,000 ብር ቢሆን ለቀሩት አምስት ሰዎች 150,000 ብር ይደርሳቸው ነበር። እሱ ሲሞትና ወጪውም ምርቱም ለእኩል ሲሆን ሚስቱ 90,000 ብር ታገኛለች። የጎደለው 60,000 ብር ነው። ሁለቱ በሬዎች ቤት ስለቀሩ ቢከራዩ 10,000 ብር ያስገባሉ ብንል እሱ ይቀነሳል። የቤተሰቡ የዓመት ኪሳራ 50,000 ብር ይሆናል።

ገበሬው እስከ 60 ዓመቱ ያርስ ነበር ብንል ኪሳራው የ20 ዓመት ነው፤ በድምሩ 1,000,000 ብር። ካሣው ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ ገንዘቡ ሊያፈራ ስለሚችል ቅናሽ ይደረጋል። ነገር ግን የእህል ዋጋም እየጨመረ ስለሚሄድ ቅናሹ መታሰብ ያለበት ከዋጋ ንረት በላይ በሚገኘው ትርፍ ብቻ ነው። እሱን 3 በመቶ ብናደርገው ዛሬ መከፈል ያለበት ወደ 744,000 ብር ነው።

ሟቿ ሴት ብትሆንስ? የእሷን ጉልበት እኩል አይለካውም፤ ሥራዋ ግን ዋጋ አለው። አረም፣ ውኃ፣ እንጨት፣ እንጀራ፣ ጠላ፣ የሕፃናት እንክብካቤ፣ ሁሉም በቅጥር ቢሠሩ ስንት ይፈጃሉ ብሎ መቁጠር ይቻላል። «ገቢ አልነበራትም» የሚል ክርክር ከሙያዋ ላይ ዋጋውን የሚገፍ ስለሆነ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

በሕይወት ለተረፈው ጉዳተኛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሐኪሞች ቦርድ እግሩን ያጣውን ሰው የአካል ጉዳት በመቶኛ ይገልጻል። መቶኛው የሚናገረው ስለ አካሉ ነው፤ የሥራ ኪሳራው ሌላ ነው። ሱቅ ተቀምጦ የሚነግድ ሰው በአንድ እግሩ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። በሬ ጠምዶ ማሳ ለማሳ የሚውል ገበሬ ግን መሬቱን ለእኩል ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለውም። ቦርዱ 40 በመቶ ስላለ ኪሳራውም 40 በመቶ ነው ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ብር ላይ የተጻፈ ጣሪያ

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት የወሰነው ክፍያ ከ5,000 ብር እስከ 40,000 ብር ነበር። በዚያን ዘመን 40,000 ብር ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገንዘቡ ምንዛሪ ከ400 ዶላር በታች ወርዷል። ይህ ገንዘብ በምሳሌያችን ካየነው 744,000 ብር ቀርቶ የአንድ ዓመት ኪሳራ እንኳ አይሸፍንም።

የሞራል ካሣው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለኅሊና ሐዘን የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ይህ ገንዘብ 400 ዶላር ያህል ነበር፣ የበሬ ጥማድ ይገዛ ነበር። ዛሬ በግ አይገዛም።

ሁለቱም ሕጎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። በብር ቁጥር የተጻፈ ጣሪያ ሲጻፍ ፍትሐዊ ቢሆንም ዋጋ በናረ ቁጥር ካሣውን ከተጎጂው ኪስ ወደ ጎጂው ኪስ ይመልሰዋል። ይህን ለማድረግ የማንም ፊርማ፣ የማንም ውሳኔ አያስፈልግም፤ ጊዜ ብቻውን ያደርገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተሻለ መንገድ ያሳያል። በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ ጥገኞች የሚከፈለው ካሣ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። ደመወዝ ሲያድግ ካሣውም ያድጋል። ለገበሬም እንዲሁ የእኩል ድርሻን ወይም የእህል ዋጋን መለኪያ ማድረግ ይቻላል። ፍርድ ቤት ካሣውን በየጊዜው እንዲከፈል ሲወስንም ክፍያው በዓመት ይህን ያህል ኩንታል ጤፍ በደብረ ማርቆስ ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ተብሎ ቢሠራ ቤተሰቡ ከዋጋ ንረት ይጠበቃል።

የኢትዮጵያዊ ሕይወት ከፍ ባለ ሚዛን ሲለካ አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት በዚህና ቀደም ሲል በኢንዶኔዥያ በደረሰው ተመሳሳይ አደጋ ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች የ500 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አቋቁሟል፤ ለአንድ ሟች በአማካይ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ይህም ቤተሰቦቹ በክስ የሚያገኙትን ሳይጨምር ነው። የእኛ ፍርድ ቤቶች ያን ያህል ይፍረዱ አይባልም፤ የአገሩ ገቢ አይፈቅድም። ነገር ግን የጠፋው ሁሉ በማስረጃ ይቆጠር የሚለው መርሕ ከአገር ሀብት ጋር አይያያዝም። ደሃ አገርም በትክክል ማስላት ይችላል።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ መድን ሰጪው የሚከፍለው የካሣው መጨረሻ እንዳልሆነ ይወቅ። የክፍያው ልክ ሊሻሻል ስለሚችል በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከመድን ድርጅቱ ይጠይቅ፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ከመኪናው ባለቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጠየቅ ይችላል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ አለ።

ሁለተኛ፣ ማስረጃ ይሰብስብ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ የማሳውን ስፋት ያሳያል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተገዛው ማዳበሪያ ደረሰኝ ወጪውን ያሳያል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስለ ምርቱ ይመሰክራል። ከሁሉም በላይ መሬቱ ለእኩል የተሰጠበት ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ያ ወረቀት የኪሳራው ዋና ማስረጃ ነው። ጋብቻውና የልጆቹ ልደትም መመዝገብ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የጊዜ ገደቡን ያክብር። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ በወንጀል ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ከሆነ ያ ጊዜ ይሠራል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በሚዘጋበትና ፍርድ ቤት በሚስተጓጎልበት ሁኔታ ሁለት ዓመት አጭር ነው፤ ጉዳዩን ለነገ ማለት አደጋ አለው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው ያለ ክፍያ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድለታል። በወንጀል ችሎቱም ውስጥ ካሣ መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛው ነገር የሚመለከተው ሽማግሌዎችን ነው። በጎጃም የደም እርቅ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ቂም ያበርዳል፣ ሌላ ሞት ያስቀራል። ይህን ሥራ ፍርድ ቤት አይተካውም። ሆኖም በእርቁ ላይ «ከእንግዲህ የምንጠይቀው የለም» ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት የሕግ ኃይል አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ለቀብርና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ተቀብላ የልጆቿን የ20 ዓመት ቀለብ ፈርማ ልትለቅ ትችላለች። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሰላሙን ያውርዱ፣ የካሣው ልክ ግን ሳይሰላ አያስፈርሙ።

ለሕግ አውጪው የሚቀረው ሥራም ግልጽ ነው። የ1,000 ብሩ ጣሪያ ይነሣ፤ የመድን ክፍያው በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ለዳኞች የገበሬ ገቢ ማስያ መመሪያ ቢያዘጋጅ የምሥራቅ ጎጃም ዳኛና የሰሜን ሸዋ ዳኛ ለተመሳሳይ ኪሳራ ተመሳሳይ ካሣ ይፈርዳሉ። ይህ ሲሆን የመኪና ባለቤት የቸልተኝነትን ዋጋ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ መድን ሰጪውም አደገኛውን መኪና በውድ አረቦን ይለየዋል፣ ፍሬኑም በጊዜው ይጠገናል። የገበሬን ሕይወት በሙሉ ዋጋው ማስላት ከሟች ቤተሰብ አልፎ ነገ በዚያው መንገድ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ያድናል።