የመኪና ጉልበት ከየት ይመጣል?

ተማሪዎች በተሰባሰብንበት ሁሉ የመኪና ወሬ አይጠፋም። አንዱ የአባቱን ኮሮላ ጉልበት ለመጨመር ያስባል፤ ሌላው ማርሚታውን አስቆርጦ ድምፁን ሲያሰማ መኪናው የፈጠነ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን የቤተሰብ ነው፤ በመኪናው ውስጥ የሚቀመጡትም ወንድሞቻችን፥ እኅቶቻችንና ጓደኞቻችን ናቸው። ስለዚህ የአንድ ተራ የቤት መኪና ጉልበት በምን መንገድ እንደሚጨምርና ጭማሪው ምን ግዴታ እንደሚያስከትል በአጭሩ ለመግለጽ ተነሥተናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞተር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ አየር የሚስብ መሣሪያ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያንኑ ያምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭ ሲል የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን ገፍቶ ያወርደዋል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ ጢሱን ወደ ማርሚታው ያስወጣዋል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አየሩን ማስገባት ነው። እንግዲህ ጉልበት ፈላጊ ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፥ «በየደቂቃው የበለጠ አየር በምን መንገድ አስገባለሁ?» የሚል ነው።

መንገዶቹ አራት ናቸው። አንደኛው ሲሊንደሩን ማስፋት ወይም ፒስተኑ የሚጓዝበትን ርዝመት መጨመር ነው። ሁለተኛው የሞተሩን አተነፋፈስ ማሻሻል ነው፤ ይኸውም ሰፋ ያለ ወይም ሁለት ካርቡሬተር መግጠም፥ ቫልቮላዎቹን ማስፋት፥ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውንም ዘንግ ለውጦ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የገባውን አየር አጥብቆ ማመቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ያው አየርና ቤንዚን የበለጠ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን እመቃው ከልክ ሲያልፍ ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ይበሳል። አራተኛው በጢሱ ኀይል በሚሽከረከር ቱርቦ አየሩን በግድ ማስገባት ነው።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሚኒ የተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ናት። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ይህች መኪና በ1959 ለገበያ ስትቀርብ ሞተሯ 848 ሲ.ሲ.፥ ጉልበቷም 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር ይህችን የገበያ መመላለሻ አይቶ ብዙ ሊወጣት እንደሚችል ተረዳ። በ1961 ሚኒ ኩፐር ተብላ ስትወጣ የፒስተኑ ጉዞ ከ68 ወደ 81 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ ሞተሯ 997 ሲ.ሲ. ሆኗል፤ ሁለት ካርቡሬተር ተገጥሞላታል፤ እመቃዋም ከፍ ብሏል። ጉልበቷ 55 ደረሰ።

እስቲ እናስላ። የሞተሩ መጠን የጨመረው ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከመቶ 62 ያህል ጨመረ። ትርፉ የተገኘው በአብዛኛው ከተሻለ አተነፋፈስ፥ ከጠበቀ እመቃና ሞተሩ በፍጥነት ከመዞሩ ነው። ስለዚህ ማርሚታ ብቻ የሚያስቆርጥ ጓደኛችን ምን እንዳደረገ ግልጽ ነው፤ መግቢያውን እንደ ጠበበ ትቶ መውጫውን ከፈተ። የሚያተርፈው ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ ጉልበት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነገር አለ። የ1959ኟ ሚኒ ፍሬኗ በአራቱም ጎማ የታምቡር ነበር፤ ኩፐር ስትሆን ግን ለፊት ጎማዎቿ የዲስክ ፍሬን ተሠራላቸው። በ1963 ኩፐር ኤስ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ስታድግም ዲስኮቹ አብረው አደጉ። በ1964፥ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ውድድር ያሸነፉት በበረዷማው የተራራ መንገድ መሮጥ ብቻ ሳይሆን መቆምም የሚችሉ መኪኖች ነበሩ።

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። የሚሮጥ መኪና የያዘው ኀይል በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። በሰዓት ከ60 ወደ 85 ኪሎ ሜትር ስንሸጋገር ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል እጥፍ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የጋለ ፍሬን ምን ማለት እንደ ሆነ አስረዱኝ አይልም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ሞተርም ያደርሳል እንጂ አያቆምም።

አዲስ አበባ ለምንኖረው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን ቢያንስ በዚያው መጠን ያጣል፤ በወረቀት 100 የተባለው እዚህ 80 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና አየሩ እንደ ሳሳ ስለማያውቅ ቤንዚኑን አብዝቶ ይሰጣል፤ ጥቁር ጢስ ያጨሳል። ኮምፒዩተር ያላቸው የዛሬ መኪኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን አየር ግን ከየትም አያመጡም። በተጨማሪም ሳስቶ የሚገባው አየር ስለማያስጨንቀው፥ እዚህ እመቃው የተጨመረለት ሞተር ደኅና ሊመስል ይችላል። ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ቆላ ሲወርድ ግን ወፍራሙና ሞቃቱ አየር ማንኳኳት ሊያመጣበት ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። በመጀመሪያ ያለውን ጉልበት ማስመለስ፤ አየር ማጣሪያውን ማጽዳት፥ ካንዴላ መለወጥ፥ ቫልቮላውን ማስተካከል፥ የእመቃውን መጠን በጋራዥ ማስለካት። ብዙ ጊዜ የጠፋ የመሰለን ጉልበት እዚህ ይገኛል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ቀጥሎ ፍሬኑንና ጎማውን ማሻሻል። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ወደ ሞተሩ መሄድ ይቻላል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው በመኪናው ላይ ጉልበት ሳይሆን አደጋ ጨመረ። ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ለማድረግ የተዘጋጀ ካለ፥ ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት እርሳስና ወረቀት አንሥቶ እንዲያሰላ አደራ እንላለን።